የጃንጥላው ምስክር

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ የአገሩን መንገድ የረሳ በመሰለበት ዓመት፣ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር በአንድ ሰፊ መስክ ላይ ትኖር ነበር። ይህች አህያ ሰባት ዓመት ሙሉ የአንድ ነጋዴ ጨው ስትሸከም ኖራለች። ነጋዴው ሲሞት ልጆቹ «ይቺ አርጅታለች፣ ከምትሠራው የምትበላው ይበልጣል» ብለው ሜዳ ላይ ለቀቋት። እሷ ግን መባረሯን እንደ በደል አልቆጠረችውም። በዓመቱ ወለደች። ልጇ ጀርባው ላይ አንድም የጭነት ጠባሳ የሌለበት ስለሆነ፣ ሣር ስትግጥ እንኳ ቆም እያለች ያንን ጀርባ ማየት ትወድ ነበር።

በዚያ ዓመት ታዲያ በልጉም ቀረ፣ ክረምቱም ዘገየ። በመስኩ መሃል ያለችው ኩሬ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበች የአንድ ሰፌድ ያህል ሆነች። የአራዊቱ ጌታ አያ አንበሶ ነገሩ እንዳላማረ ሲያይ ሁሉንም ሰብስቦ አዋጅ ነገረ።

«ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማንም ማንንም አይብላ። በራሱ ጊዜ የሞተ ካለ፣ እሱ የጅብ ነው። ዝናብ የጣለ ዕለት አዋጁ ያበቃል። ያኔ ሁሉም እንደ ልማዱ።»

ደግ አዋጅ ነበር። ችግሩ አያ ጅቦ ከአዋጁ ውስጥ የሰማው «በራሱ ጊዜ የሞተ» የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ወደ አህያ እየመጣ የውርንጭላውን ጤና ይጠይቅ ጀመር።

«እንዴት አደርሽ፣ እመት አህዪት? ልጁስ እንዴት አደረ?»

«ተመስገን፣ ደህና ነው አያ ጅቦ።»

«ደህና ሲባል፣ በጣም ደህና ነው ወይስ እንዲያው ደህና?»

«እንዲያው ደህና ነው።»

«አይዞሽ። ነገ ደግሞ እናያለን» ይልና ትንሽ ራቅ ብሎ ይጋደማል፤ ፊቱን ወደ ውርንጭላው አዙሮ።

አህያ ሞኝ ትባላለች እንጂ የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ትርጉሙ አይጠፋትም። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ልጇ ከኩሬዋ ጭቃ ብቻ ልሶ ሲመለስ አየችና ወሰነች። «ልጄ እግሩ እስከቻለ ድረስ ይዤው ልውጣ። ውሃ የሆነ ቦታ አይጠፋም» አለች በልቧ። ነገ ማለዳ ልትነሣ ቆረጠች።

በማግስቱ ማለዳ ግን ጃንጥላው ተገኘ።

መንገደኞች በመስኩ ካለ አንድ የሾላ ዛፍ ሥር አርፈው ሲነሡ፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላ በቆልማማ እጀታው ቅርንጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ረስተውት ኖሯል። አራዊቱ ከዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ጃንጥላን ተጣጥፎ ሳለ በቅርብ ያየ ከመካከላቸው አልነበረም።

«የሌሊት ወፍ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ነው» አለ ከርከሮ።

«የሌሊት ወፍ መንጠቆ የለውም» አለ ዝንጀሮ። «የደረቀ ቁራ ቢሆን ነው።»

አያ ጅቦ አሽትቶ «የማይበላ ነገር ነው» አለና ተወው።

አህያ ከኋላ ቆማ ነበር። «እኔ አውቀዋለሁ፣ ጃንጥላ ነው» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ዕድሜዋን ሙሉ አህያን አንድ ነገር የጠየቃት አልነበረም፤ «ሂጂ» እና «ቁሚ» ከማለት በቀር ያናገራትም የለም። አሁን አንበሳ ራሱ «ቀረብ በይ እስቲ፣ እመት አህዪት። ምን ያደርጋል?» አላት። ልቧ ሞቅ አለ። ልብ ሲሞቅ ምላስ ይረዝማልና፣ ከምታውቀው በላይ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ዝናብ ይጠራል» አለች። «እኔ ጨው ተጭኜ ከፊት እሄዳለሁ። ነጋዴው ይህንን ይዞ ከኋላዬ ይመጣል። መንገድ ላይ ከኋላዬ ጧ ይላል። ጧ ካለ ዝናብ ጀርባዬ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም።»

«ሲከፈት አይተሻል?»

«የተጫነች አህያ ወደ ኋላ አታይም፣ ጌታዬ። ዞር ካለች ዱላ ነው። ድምፁን ግን መቼም አልረሳውም። ፈዘዝ ያለ ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሲወድቅ የሚሰማ ዓይነት።»

አራዊቱ በአድናቆት አጉረመረሙ። አያ ጅቦ ግን ከተጋደመበት ተነሣ።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ። «በየበጋው ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ ገበያተኛ አያለሁ። ጃንጥላ የያዘ ሲመጣ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጃንጥላ የሌለበት ቀን ደመናም አለ፣ ነፋስም አለ። ጃንጥላ የሚያመጣው ፀሐይ ነው።»

«ሲዘንብስ ጃንጥላ ተከፍቶ አይተህ አታውቅም?»

«ሲዘንብ ከጉድጓዴ አልወጣም።»

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። «አንዷ ዝናብ ነው ትላለች፣ አንዱ ፀሐይ ነው ይላል። ሁለቱም በዓይናቸውና በጆሯቸው ነው የሚመሰክሩት። እንግዲህ ማን ይታመን?» አለ።

ይህን ጊዜ እመት ቀበሮ ከሕዝቡ መሃል ወጣች። ቀበሮ ነገር እስኪወሳሰብ የምትጠብቅ ናት፤ ተወሳስቦ ካላገኘችውም ታወሳስበዋለች።

«ጌታዬ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ጃንጥላ በአዋቂ እጅ ዝናብ ይጠራል። አላዋቂ ከከፈተው ደግሞ ፀሐይ ያመጣል። አያ ጅቦ ያያቸው ገበያተኞች አላዋቂዎች ነበሩ።»

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ የሆነ መሰላቸው። አህያም እውነተኛ ሆነች፣ ጅብም እውነተኛ ሆነ፤ ማንም አላፈረም።

«እዚህ መስክ ላይ አዋቂው ማን ነው?» አለ አንበሳ።

«እኔማ ምን ብዬ ራሴን አሞግሳለሁ» አለች ቀበሮ። ጃንጥላውን ግን ቀደም ብላ ከቅርንጫፉ አውርዳ ከእግሯ ሥር አስቀምጣው ነበር።

ጃንጥላው የዚያኑ ዕለት ቀበሮ ጉድጓድ ገባ። በማግስቱ ደንብ ወጣ።

«ጃንጥላ ጣራ ሥር አይከፈትም፤ ከተከፈተ ባለቤቱ በዓመቱ ቤት አልባ ይሆናል» አለች ቀበሮ፣ ከጉድጓዷ በር ላይ ቆማ። «ጃንጥላን የተራመደ አያድግም። ጀርባውን የሰጠው ጭራው ይሰለላል። እያየው ያስነጠሰ ዝናቡን በአንድ ቀን ያዘገየዋል።»

«እስኪከፈት ድረስ እኛ ምን እናድርግ?» አለ ከርከሮ።

«ትቀልቡታላችሁ።»

«ጃንጥላ ይበላል?»

«ጃንጥላው አይበላም። ጠባቂው ናት የምትበላለት» አለች።

ስለዚህ ዝንጀሮ ከዋሻ ማር አወረደ፣ ከርከሮ ምስጥ ቆፍሮ አመጣ፣ ቆቅም እያለቀሰች ሁለት እንቁላል አቀረበች። ቀበሮ ሁሉንም በጃንጥላው ስም ተቀበለች።

«ዋናው ደንብ ግን ይሄ ነው» ብላ ጨመረች። «ጥሪው እስኪፈጸም አንድም ነፍስ ከመስኩ አይውጣ። አንዱ ከወጣ ጥሪው ይፈርሳል፤ ዝናቡም በዚያው ይቀራል።»

አንበሳ «ተሰምቷል? ማንም አይውጣ» አለ።

አህያ ይህን ሰማች። ልትነሣ ነበር እኮ። ግን ደግሞ ዝናብ ይጠራል ብላ የመሰከረችው እሷ ራሷ ናት። ዝናቡ ሊመጣ ከሆነ ምን ያስኬዳታል? ከሄደች ደግሞ የሁሉን ዝናብ ልታስቀር ነው። ወደ ልጇ አየች፣ ወደ ሰማይ አየች። ሰማዩ ላይ አንዲት ቁራጭ ደመና አልነበረችም። «አንድ ሁለት ቀን ነው» ብላ ቀረች።

አንድ ሁለት ቀኑ አለፈ፤ ደንቡ ግን በየቀኑ ይወልዳል። ማክሰኞ ጃንጥላው ሊከፈት ሲል ነፋስ ነፈሰና ቀረ። ረቡዕ ጾም ነው ተባለ። ሐሙስ አንድ ቁራ በግራ በኩል በረረ። ዓርብ ያው ጾም ነው። ቅዳሜ ሁሉም ነገር ተሰካክቶ፣ ቁራውም ነፋሱም ጠፍቶ ሳለ፣ አያ ጅቦ አስነጠሰ። ሁሉም በቁጣ አፈጠጡበት። እሱም «አውቄ አይደለም፣ አፍንጫዬ ነው» እያለ ሲምል ዋለ።

ከሁሉ ይልቅ የተቸገረችው አህያ ናት። የተነገራትን ሁሉ ለመፈጸም የምትጥር ፍጡር ስለነበረች፣ ደንቦቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩባት መቆሚያ አጣች።

«እመት ቀበሮ፣ ጥፋት እንዳይሆንብኝ ልጠይቅሽ» አለቻት አንድ ቀን። «ባለፈው ጃንጥላውን ጀርባ አትስጡት አልሽ። ዛሬ ደግሞ ፊት ለፊቱ የቆመ ዓይኑ ይፈዛል አልሽ። ታዲያ እንዴት ልቁም?»

«በእምነት ቁሚ» አለቻት ቀበሮ።

አህያ ለረጅም ጊዜ አሰበችበት። በእምነት መቆም በየት በኩል ዞሮ እንደሆነ ሊገባት አልቻለም። በመጨረሻ ጎኗን ሰጥታ ቆመች፤ ስለ ጎን ገና ደንብ አልወጣም ነበር።

ቀበሮ በየቀኑ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ብቻዋን በመስኩ ዳር ካለው ገደል ጀርባ ትሄዳለች። «የጥሪውን ቃል የምደግምበት ነው፤ የተከተለኝ ይታወራል» ብላለች። ስትመለስ ጢሟ እርጥብ ነው። አህያ ይህንን አይታ «ምስኪን፣ እንዴት ብትደክም ነው እንዲህ የሚያልባት» ብላ አዘነችላት።

በሰባተኛው ቀን ውርንጭላው መነሣት አቃተው።

ፊት እግሮቹን ዘርግቶ ሞከረ፤ ኋላው አልታዘዘውም። ተመልሶ ተኛ። ምላሱ ደርቆ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል። ኩሬዋ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ተሰንጥቃ አልቃለች። አያ ጅቦ አሁን በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ ነው የሚጠይቀው።

«ልጁ እንዴት ዋለ?»

አህያ አልመለሰችለትም።

«አልመለስሽም ማለት ጥሩ አይደለም ማለት ነው» አለ ጅብ፣ በጣም ያዘነ መስሎ። «እግዜር ያውቃል። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ብቻሽን አይደለሽም።» ከዚያ በፊት ከሚጋደምበት ቦታ አንድ ሦስት እርምጃ ቀረብ ብሎ ተጋደመ።

አህያ ልጇ አጠገብ ቆማ አእምሮዋ ዞረባት። ምስክርነቴ እውነት ከሆነ ዝናቡ የት ነው? ውሸት ከሆነ ያ ሁሉ ጧ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ምን ነበር? ሰባት ዓመት አንድ ቀን ሳይስት? ማንም ሳይጠይቃት በኖረችበት ዘመን ልጇ አልተጠማም ነበር። አንድ ቀን ተጠየቀች፣ መለሰች፣ ይኸው ልጇ በመልሷ ሊሞት ነው። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ። ልጄ ይልሰው ይሆናል ብላ ፊቷን ወደ እሱ ዝቅ አደረገች።

ከዚያ ቀና አለች። ቀበሮ ወደ ገደሉ ሄዳለች። ጃንጥላው ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

«ዝናብ የሚጠራ ከሆነ እኔው እጠራዋለሁ። አዋቂ ባልሆንም እናት ነኝ» አለችና ሄደች።

ከጉድጓዱ ስታወጣው ያልጣሰችው ደንብ የለም። አንገቷን አስገብታ እጀታውን በጥርሷ ጎተተች። ሲወጣ በእግሯ ተራመደችው። ዞራ ስትሄድ ጀርባዋን ሰጠችው። አቧራው አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶም ሁለት ጊዜ አስነጠሰች። እየጎተተች ልጇ ከተኛበት አደረሰችውና፣ እጀታው ላይ ያለችውን ቁልፍ በጥርሷ ነከሰቻት።

ጧ አለ።

አህያ ወደ ኋላ ዘለለች። አያ ጅቦ ዞሮ ሳያይ ሸሽቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተወሸቀ። ጃንጥላው ተዘርግቶ በውርንጭላው ራስ ላይ ጥቁር ጥላውን ጣለ። አህያ ጆሮዎቿን አቁማ ዝናቡን ጠበቀች። ጠበቀች። ሰማዩ ያው ሰማይ ነው።

ግን አንድ ነገር ግራ አጋባት። ድምፁ። ይህ እሷ የምታውቀው ድምፅ አይደለም። የምታውቀው ጧ ፈዛዛ ነበር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። ይህኛው ጆሮ ይበጥሳል። ጃንጥላው ሌላ ነው? አይደለም፣ ጃንጥላ ጃንጥላ ነው። ታዲያ የተለየው ምንድን ነው?

ጆሮዋን አነቃነቀች፣ ቆሟል። ያኔ ገባት።

አህያ የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ጆሮዋን ስትነካው ታጥፈዋለች፤ አንገቷ ላይ ትለጥፈዋለች። ዕድሜ ልኳን ጧ የሚለውን የሰማችው በታጠፈ ጆሮ ነው። ለዚህ ነበር የሚፈዝዘው። ጆሮዋ ከታጠፈ ደግሞ ጠብታው ቀድሞ ነክቷት ነበር ማለት ነው። ነጋዴው ጃንጥላውን የሚከፍተው ዝናቡ ሲጀምር ነው እንጂ፣ ዝናቡ የሚጀምረው ጃንጥላው ሲከፈት አይደለም።

«ተሳስቻለሁ» አለች ድምፅ አውጥታ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ።»

ድምፁን የሰሙ ሁሉ እየሮጡ መጡ። አንበሳም መጣ። ቀበሮም ከገደሉ በኩል እያለከለከች ደረሰች፤ ጃንጥላውን ስታይ ፀጉሯ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ጉድ ሆነናል» አለች። «ዝናቡ ዛሬ ነበር የሚመጣው። ከገደሉ ጀርባ ሆኜ እግሩን አይቻለሁ። ይቺ አላዋቂ ከፍታ ፀሐይ አደረገችው። እንግዲህ የሚሞት ሁሉ በእሷ ነው የሚሞተው።»

አራዊቱ ወደ አህያ ዞሩ። ከርከሮ መሬቱን ጫረ። አንበሳ «እመት አህዪት፣ ምን ትያለሽ?» አለ፤ ድምፁ መልካም አልነበረም።

አህያ ፈርታ አንገቷን ደፋች። ጭነት ተሸክሞ የኖረ አንገት ሲፈራ መሬት ነው የሚያየው። መሬት ስታይ የቀበሮን እግር አየች።

«እመት ቀበሮ፣ እግርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች።

«የምን እግር?»

«ጭቃ ነው። እርጥብ ጭቃ።»

ሁሉም ወደ ቀበሮ እግር አዩ። በዚያ መስክ እርጥብ ጭቃ ካዩ ሰንብተዋል።

«ላቤ ነው» አለች ቀበሮ። «ላቤ ከአቧራው ጋር...»

አያ ጅቦ ጥማቱ ብሶበት ነበርና ነገሩን አላስጨረሳትም። ከቁጥቋጦው ወጥቶ አፍንጫውን እግሯ ላይ ደቀነ፣ ከዚያ በምላሱ ላሰው። «ጭቃ ነው» አለ በደስታ። «ቀዝቃዛ ነው። ውሃ ውሃ ይላል። ይሄ የምንጭ ጭቃ ነው።» የቀበሮ ውሸት መፍረሱ ይሁን አይሁን ለእሱ ጉዳዩ አይደለም። የእርጥቡን ዱካ እያሸተተ ወደ ገደሉ ነጎደ። ከርከሮ ተከተለው፣ ዝንጀሮ ተከተለ፣ አንበሳም ቀበሮን በዓይኑ እየቆረጠ ተከተለ።

አህያ ልጇን በአፍንጫዋ ገፋች። «ተነሣ ልጄ፣ ውሃ አለ» አለችው። ተነሣ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ። እሷም የጃንጥላውን እጀታ በጥርሷ ይዛ ጥላውን አናቱ ላይ አደረገችለት። እንዲህ ሆነው ሄዱ፤ ልጇ ከፊት፣ እሷ ጃንጥላ ይዛ ከኋላ፣ ልክ እንደ ነጋዴው። ዱላ ግን አልያዘችም፣ ልጇም ወደ ኋላ ባየ ቁጥር ዓይኗን አገኘው።

ከገደሉ ጀርባ፣ ከአለት ስንጥቅ ውስጥ፣ አንዲት ቀጭን ምንጭ ነበረች። ቀበሮ የደበቀቻት ብዙ አፍ ካወቃት ታልቃለች ብላ ነው። በእርግጥም ምንጯ ትንሽ ነበረች። አንበሳ ተራ አወጣላት፤ መጀመሪያ የታመመ፣ ከዚያ ልጅ ያለው፣ ከዚያ ሌላው፣ መጨረሻ ቀበሮ። ውርንጭላው አፉን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሲጠጣ፣ አህያ የራሷን ጥም ረስታ ጉሮሮው ሲወርድ ሲነሣ ታይ ነበር።

ጃንጥላው ከዚያ በኋላ ሁለት ድንጋይ መሃል ተሰክቶ እንደተከፈተ ቀረ፤ ውርንጭላው ቀን ቀን ሥሩ ይተኛል። አያ ጅቦም አላቋረጠም። በየማለዳው ይመጣል።

«ልጁ እንዴት አደረ?»

«በጣም ደህና ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ተመስገን» ይላል ጅብ፣ ከልቡ። «ወፈር ብሏል። ዝናቡ እስኪመጣ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል።» አዋጁ ዝናብ የጣለ ዕለት እንደሚያበቃ በስንት ጊዜው ትዝ ብሎት ነበር።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ አህያ ጆሮዋን አንድ ነገር ነካት። ታጠፈ። ቀና ስትል በምዕራብ በኩል ፀሐዩ እንደበራ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ግን ደመና ገብቷል። ሁለተኛዋ ጠብታ ወረደች፣ ሦስተኛዋም። ፀሐዩ ሳይጠፋ ዝናቡ ጣለ።

አራዊቱ አበዱ። ጃንጥላውን ከበው ይዘልሉ ጀመር። «ሁለቱንም አመጣ» አለ ዝንጀሮ። «ዝናብም ፀሐይም። ሁለቱም ምስክሮች ልክ ነበሩ።» ቀበሮ ቀስ ብላ ወደ መሃል ገባች። «አላልኳችሁም? ይሄ ነገር ጊዜ ነው የሚፈልገው» አለች። ቆቅ እንቁላል ልታመጣ ሮጠች። አንበሳ ራሱ ግራ ተጋባ። «እመት አህዪት፣ ተሳስቻለሁ ብለሽ ነበር። አሁንስ?» አላት።

«ጌታዬ፣ ጆሮዬ ቀድሞ ነው የታጠፈው» አለች አህያ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው አልነበረም።

አያ ጅቦ ግን ሌላ ነገር ገባው። ከዝናቡ ውስጥ ብድግ ብሎ ወደ ውርንጭላው መጣ።

«እመት አህዪት፣ እንግዲህ ዝናብ ጥሏል። አዋጁ...»

«አብቅቷል። አውቃለሁ» አለች አህያ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ አያ ጅቦ። ፀሐይ እየበራ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ምን ይላል?»

ጅብ ቆመ። ይህን የማያውቅ የለም። «ጅብ ወለደች ይላል።»

«አሁንስ እንዴት ነው?»

ጅብ ፀሐዩን አየ። ዝናቡን አየ። አፉን ከፈተ።

«ወልደናል?» አለ።

«እኔ እንጃ። አሁንማ ከገዛ ጆሮዬ በቀር የማምነው የለም። አንተ ግን ገና እዚህ ነህ።»

አያ ጅቦ ወደ ውርንጭላው አየ፣ ወደ ጉድጓዱ አቅጣጫ አየ፣ እንደገና ወደ ውርንጭላው አየ። «ልጁን አደራ፣ እንዳለ ይቆየኝ። አይቼ እመጣለሁ» አላትና ጭራውን ወትፎ ሮጠ። መንገዱን ካጋመሰ በኋላ ሚስት እንደሌለው ትዝ አለው። ቆም አለ። ግራ ገባው። ሰው ሁሉ የሚለው ደግሞ እንዴት ውሸት ይሆናል? «ማን ያውቃል» አለና ሩጫውን ቀጠለ።

አህያ ልጇን ከፊት አስቀድማ፣ ጆሮዋን አጥፋ፣ በሌላው አቅጣጫ ሄደች። ጃንጥላውን አልወሰደችም። አራዊቱ ከበውት፣ ከውጭ እየበሰበሱ፣ ይዘምሩለት ነበር፤ አንዳቸውም ሥሩ ገብቶ ሊጠለልበት አላሰበም።

ከዚህ የምንማረው፣ ከኋላችን ለሰማነው ነገር ዞረን ሳናይ ከመሰከርን፣ ምስክርነታችንን አምኖ በጥም የሚቀመጠው መጀመሪያ የገዛ ልጃችን መሆኑን ነው።